ለዘር የተቋጠረች እፍኝ

በዚያ ክፉ ዘመን ለእናቴና ለእኔ የቀረን አንድ ቅል የማሽላ ዘር ነበር። ቀቅዬ ላብላሽ ስላት «ዘር አይበላም፣ አብሽሪ፣ ዝናቡ ይመጣል» ትለኛለች። የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነበር። እየሞተችብኝ መሆኑን አያለሁ፤ ግን እሷን ማን ይደፍራል?

ክረምት ሲገባ አቧራው ላይ ዘራነው። የቆቦ ሜዳ የሚጠግበው በራሱ ሰማይ ዝናብ ሳይሆን ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በጠለፋ ቦይ ወደ ማሳ እየመለሱለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ተራራው ጠቆረና ወንዙ ሲያጓራ ተሰማ። እልል አልኩ። ያ እልልታ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የጠለፋው አፍ የሚከፈተው ውሃው ሲበዛ የሚዘጉት ወንዶች ድንጋይና ቅርንጫፍ ይዘው ቆመው ነው። ያን ዓመት ወንዶቹ እህል ፍለጋ ተበትነዋል። እናቴ ከደጅ ተቀምጣ «ሰው እስኪመጣ እንዳትከፍቺው» አለችኝ።

«ከማን ቤት ነው ሰው የሚመጣው?» ብዬ በዶማ ከፈትኩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም። ውሃው የቦዩን ዳር ጠርምሶ ማሳው ገባና ዘሩንም አፈሩንም ጠራርጎ ሄደ። ቅርንጫፍ ወረወርኩ፣ ድንጋይ አንከባለልኩ፤ በመጨረሻ ቆሜ አየሁ።

ወንዙ የመኪናውን መንገድም ቆርጦት ነበር። ከሮቢት በኩል የእርዳታ እህል የጫነ መኪና መጥቶ ማዶ ቆመ። ጆንያዎቹ ይታዩናል። ሰዎቹ ገመድ ወርውረው አንዱን ሊያሻግሩልን ሞከሩ፤ መሃል ላይ ውሃው ጆንያውን ነጠቃቸው። ከዚያ በኋላ እነሱም እዚያ፣ እኛም እዚህ ቁጭ ብለን ተያየን።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ጎደለና ተሻገሩ። የታደለን የስንዴ ክክ ነበር። ቀቅዬ ሰጠኋት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ በቃኝ አለች። ከዚያ ጥሬውን አንድ እፍኝ አስመጥታ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«ይቺ ለዘር ናት» አለችኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ ገበሬ ናት። የተከካ እህል እንደማይበቅል ያስተማረችኝ እሷ ነበረች። አእምሮዋም እየሄደ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ልነግራት ግን አልቻልኩም።

«እሺ እማ፣ እዘራታለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ሞተች። ሊያጥቧት የመጡት ሴቶች መቀነቷን ስፈታ እፍኟን አዩና ምንድን ነው አሉኝ።

«ዘር ነው» አልኳቸው።