የሰብስቤ አራተኛ ባትሪ

ሰብስቤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ባትሪ ጥሏል። ጠፍተውበት አይደለም፣ ተናዶ ነው። አንዱን ፔካ 12 በሚባለው የጅቡቲ የጭነት መኪና ማቆሚያ ላይ ከቆሙት ተሳቢዎች ስር አሽቀንጥሮ ወረወረው። ሁለተኛውን የሸጠለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ጥሎለት ወጣ። ሦስተኛው ቻርጅ እየተደረገ ሳለ አብጦ ክዳኑን ፈንቅሎ ስለወጣ፣ ራሱን በራሱ ጣለ ማለት ይቻላል። ሦስቱም ካርቶናቸው ላይ ሰው ሊቆጥረው የሚታክተው የብርሃን መጠን፣ ሉመን የሚሉት፣ ተጽፎባቸው ነበር።

ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ፀሐይ ባትሪ ምን ያደርግለታል? እንዲህ የሚል ሰው የሰብስቤን ሥራ አያውቅም። ሰብስቤ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ጅቡቲ ከገባ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የሚሠራውም ለአንድ የትራንዚት ቢሮ ነው። ኮንቴይነር ጭነው ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡ መኪኖች ፔካ 12 ሲደርሱ በሩ የተቆለፈበትን የብረት ማሸጊያ ያያል፣ ማሸጊያው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፣ ከገጠመ ይፈርማል። ሥራው ይኼው ነው። ነገር ግን ሾፌሮቹ ሌባ ስለሚፈሩ ወደ ኋላ እየነዱ የአንዱን ኮንቴይነር በር ከሌላው በር ጋር አፍ ለአፍ ያጋጥሙታል። በመሀል የሚቀረው አንድ ቀጭን ሰው በጎኑ የሚገባበት ክፍተት ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ እኩለ ቀንም ጨለማ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ የዳቦ ቤት ነው። ሰብስቤ ቀጭን የነበረው ድሮ ነው።

ባለፈው ወር አንድ መኪና ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ኬላ፣ አራት ቀን ሙሉ ቆመ። የቁጥሩን መጨረሻ ወረቀቱ 3 ይላል፣ ማሸጊያው 8 ይላል፣ ከወረቀቱ ግርጌ የሰብስቤ ፊርማ አለ። የቢሮው ኃላፊ መዓዛ፣ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላት ሴት፣ አስጠርታ አስቀመጠችው።

"ጋሽ ሰብስቤ፣ ሰው አንዴ ይሳሳታል። ከተደገመ ግን እኔም ላድንዎት አልችልም።"

"ባትሪው ነው" አላት።

ወረቀቱ ላይ 3 ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እሱም አልጠየቀም፤ በሃምሳ አራት ዓመቱ ከዚህ ሥራ ቢወጣ ሌላ የሚቀጥረው እንደሌለ ያውቃላ።

ባትሪው ነው ማለቱም ለእሱ ውሸት አልነበረም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማሸጊያው ላይ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ እየተጣበቁ አስቸግረውታል። አንዳንዴ ሾፌሩን ጠርቶ "እጄ ተይዟል፣ እስቲ አንተ አንብብልኝ" ይላል። ሾፌሩ ከሌለ ደግሞ ወረቀቱን ያይና፣ ማሸጊያው ላይ ያለውም ይኼው ነው ብሎ ይፈርማል። ይህን የመጨረሻውን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲገባ፣ እሱ ላቡን እየጠረገ ካርቲየ 6 ሰፈር ወዳለው የኑሪያ ሱቅ ሄደ። ኑሪያ የሐረር ሴት ናት፤ አምፖል፣ መሰኪያ፣ ማራገቢያ ትሸጣለች፤ ከእሱ ጋር እኩያ ናቸው፣ ከተዋወቁም ቆይተዋል።

"ደሞ መጣህ?" አለችው።

"ከሁሉም የሚያበራውን ስጪኝ። የካርቶን ውሸት ሰልችቶኛል።"

አምስት ባትሪ ደረደረችለት። ሰብስቤ ትልቁን አነሳ፤ መቶ ሺህ ሉመን ይላል።

"ይኼን!"

"ከበደህ?"

"ኧረ ቀላል ነው።"

"ቀላል ከሆነ ውስጡ ያለው ድንጋይ ትንሽ ነው ማለት ነው። ትንሽ ድንጋይ ይዞ መቶ ሺህ የሚያበራው ከየት አምጥቶ ነው? ካርቶን ላይ መጻፍ እንደሆነ ማንንም አያስከፍልም። አብራውና ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ አብረን እናየዋለን።"

ከአምስቱ ሦስቱን አብርተው ጠበቁ። ኑሪያ በመሀል ለአንዲት ሴት መሰኪያ ሸጠች፣ በሶማሊኛ ተከራከረች፣ ሳቀች። ሰብስቤ እንደ ዘበኛ ባትሪዎቹ ላይ አፍጥጦ ቀረ። የመቶ ሺሁ ጌታ አስር ደቂቃ ሳይሞላው ቀላ፣ ከዚያ ደከመ፣ ከዚያ ሻማ አከለ። ሁለተኛው መድከሙን አልደከመም፤ ግን የቻርጅ ቀዳዳው ከራሱ ሽቦ ሌላ አይቀበልም።

"ይኼ ሽቦው የጠፋ ቀን ባትሪውም አብሮ ጠፋ በለው" አለች። "በስልክህ ሽቦ ቻርጅ የሚደረገውን ያዝ።"

"ይኼስ?" ሦስተኛውን በመንገዱ ማዶ ግድግዳ ላይ አነጣጠረ። ብርሃኑ በጠራራ ፀሐይ እንኳ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ታየ።

"እሱ ሩቅ ይመታል። አንተ ተራራ ላይ የጠፋ ፍየል ነው የምትፈልገው? የምታየው ነገር ከአፍንጫህ ስር ነው። ሰፋ ብሎ የሚፈስ ብርሃን ነው የሚያስፈልግህ፤ ሲያስፈልግም ዝቅ የሚል። ብረት ላይ ኃይለኛ ብርሃን ከለቀቅህበት መልሶ አንተኑ ነው የሚያሳውርህ።"

በመጨረሻ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ከበድ ያለች ጥቁር ባትሪ ሰጠችው። ሦስት ደረጃ ብርሃን አላት፣ አቧራም ውሃም አትፈራም፣ ከኋላዋ ማግኔት ስላላት ብረት ላይ ልጥፍ ትላለች። ሰብስቤ ሊያናንቃት ፈልጎ ምክንያት አጣ።

"ስንት ሰዓት ነው ቻርጅ የምትደረገው?"

"ካርቶኑ ላይ አለልህ፣ እየው።"

ካርቶኑን አስጠጋ። አራቀ። ባትሪዋን አብርቶ ካርቶኑ ላይ ለቀቀበት፤ ካርቶኑ ነጭ ሆኖ አበራ እንጂ የሚነበብ ነገር አልወጣውም። ብርሃኑን ዝቅ አደረገ። ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘረጋ። ከዚያ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ይቺም ውሸታም ናት!"

ኑሪያ አልሳቀችም። ከመሰኪያዎቹ አጠገብ ደርድራ ከምትሸጣቸው የንባብ መነጽሮች አንዱን መዝዛ አቀበለችው።

"አድርገው።"

"እኔ የጠየቅሁሽ ባትሪ ነው።"

"ካላደረግኸው ወላሂ ባትሪውንም አልሸጥልህም።"

አደረገው። አራት ሰዓት ይላል፤ አምስት ቮልት ይላል፤ ከዚያ ስር ከጤፍ ባነሱ ፊደላት የፈረንሳይኛ ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል፤ እያንዳንዷ ፊደል ለየብቻዋ ቆማለች። ሰብስቤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ተናደደ። በኑሪያ ተናደደ፣ በካርቶኑ ተናደደ፤ ስድስት ወር ሙሉ በባትሪዎቹ ላይ ያወረደውን እርግማን አሁን ወዴት እንደሚመልሰው አጣ። ባትሪዋንም መነጽሩንም ከፍሎ ሳይሰናበታት ወጣ።

እሑድ ጠዋት ፔካ 12 ላይ የመጀመሪያው መኪና የባንቴ ነበር። ባንቴ ተራ ሲጠብቅ ሁለት ቀን ያደረ የአዲስ አበባ ሾፌር ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ ይቁነጠነጣል።

"ጋሼ፣ ይፈርሙልኝና ሙቀቱ ሳይበረታ ልውጣ።"

ሰብስቤ በጎኑ ወደ ክፍተቱ ገባ። ግራ ቀኙን አየና መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ባትሪዋን በሩ ላይ ለጠፋት። የማሸጊያው ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ታየው። መጨረሻው 6 ነው። ወረቀቱን አየ፤ መጨረሻው 5 ነው። እንደገና አየ። በጣቱ ጥፍር ዳሰሰው፤ 6 ነው።

"አይገጥምም" አለ ሲወጣ።

"አይ ጋሼ! በደንብ አይተውታል?"

"ገብተህ እየው አንተው።"

"እኔ የያዝኩት መሪ ነው፣ ማሸጊያ ውስጥ አያስገቡኝ" አለ ባንቴ፣ ፊቱን አዙሮ።

መዓዛ ጋ ደወለ።

"ጋሽ ሰብስቤ፣ እስቲ እንደገና ይዩት።"

"ሦስት ጊዜ አየሁት።"

"ባትሪው ይሆናላ" አለችው።

የገዛ ቃሉ ነው። ደሙ ፈላ።

"ባትሪው አዲስ ነው! አልፈርምም።"

"ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ጋሽ ሰብስቤ።"

"ማንም ይጻፈው፣ አልፈርምም።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ መዓዛ በመኪና መጣች። ባንቴ እስከዚያ የሰብስቤን ሰባት ቤት በሆዱ ሲረግም ቆይቷል፤ አንዳንዱም ከሆዱ አምልጦ ተሰምቷል። መዓዛ ባትሪዋን ከሰብስቤ እጅ ተቀብላ ክፍተቱ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ነጭ ሸሚዟ በዝገትና በአቧራ ተለውሷል።

"ስድስት ነው" አለች።

ወረቀቱን ከሰብስቤ ወሰደች፣ 5ቷን በእስክሪብቶ ሰርዛ 6 ጻፈች፣ አጠገቡ ፈረመች። የእሷ ስህተት በዚህ አለቀ። አንዲት መስመር ናት በቃ፣ ጭረት። ሰብስቤ አሁንስ ምን ትይኛለሽ ብሎ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሞ ነበር። ቀና ስትል ዓይኗ ፊቱ ላይ ቀረ፤ መነጽሩን ማውለቁን ረስቶታል።

"መነጽር የጀመሩት መቼ ነው?"

"ሐሙስ።"

"ከሐሙስ በፊትስ?"

ባትሪው ነው የሚለው ቃል አፉ ላይ ነበር። ባትሪዋ ግን በመዓዛ እጅ ላይ ቦግ ብላ እየበራች ነው።

"ከሐሙስ በፊት አይታየኝም ነበር" አለ።

"ሳያዩ ነው ሲፈርሙ የነበረው?"

"አንዳንዱን ሾፌሮቹ አንብበውልኛል።"

"የቀረውንስ?"

"የቀረውን ሳላይ።"

ባንቴ ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ። ስድስት ወር ሳያይ ሲፈርም ማንም አልደረሰበትም፤ የተያዘው ልክ በሆነበት ቀን ነው፤ ይህ ነው ሰብስቤን ያንገበገበው። መዓዛ ባትሪዋን አጥፍታ መለሰችለት።

"አላባርርዎትም" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ በኋላ ሌላ ሰው እልካለሁ። በእርስዎ ፊርማ ብቻ መኪና አይወጣም።"

ብታባርረው ይሻለው ነበር። ቢያንስ ተሳድቦ ይሄድ ነበር። መኪናዋን አስነስታ ስትሄድ ቆሞ አያት፤ ባንቴም ወረቀቱን ተቀብሎ ከሰልፉ ወጣ። እሱ ሲወጣ አፍ ለአፍ ገጥሞት የነበረው ኮንቴይነር በር ፀሐይ ላይ ቀረ፤ አሁን ባትሪ አያስፈልገውም። ሰብስቤ መነጽሩን አስተካክሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፤ የሚሰማው ሰው አልነበረም። ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ፈረመ፣ ከፊርማው ስርም ለሌላ ሰው ፊርማ የሚሆን ቦታ ተወ።