ወፍ ሰሚው አጎቴ

አጎቴ ደምሌ ሰነፍ ገበሬ ነበር። የእናቴ ወንድም ስለሆነ ይህን ብናገር ማንም አይቀየመኝም። እርሻው ከሁሉም ኋላ ይታረሳል፣ አረሙ ከሁሉም ኋላ ይታረማል፤ በሬዎቹ እንኳ ከእሱ ጋር እየኖሩ መንቀርፈፍ ለምደው ነበር። ይሁን እንጂ ከአርብ ገበያ ከፍ ብላ ባለችው ደብራችን እንደ እሱ የተከበረ ሰው አልነበረም። የተከበረውም በጆሮው ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ አድራጊው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ሲደርስ አገሩ ለአውጫጭኝ ይቀመጣል። ጎጆ ያለው ሁሉ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሳትቀር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው መስክ ይሰበሰባል፤ የበደለኛው ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ያየ ሰው "እኔ አይቻለሁ" አይልም፤ ጠላት ያፈራላ! "ወፍ ነገረኝ" ነው የሚለው። እሱንም የሚለው በአደባባይ ሳይሆን ሕዝቡ ለዚሁ ለመረጠው ሰው ብቻ ነው። በእኛ ደብር ይህ ሰው ወፍ ሰሚ ይባላል።

ወፍ ሰሚው በደጀ ሰላሙ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ሰው አንድ በአንድ ከኋላው ይገባና ወይ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ይወጣል፣ ወይ ድምፁን ለውጦ ስም ሹክ ይላል። ወፍ ሰሚው ዞሮ አያይም። ድምፁን ቢለየው እንኳ ወፉ ማን እንደሆነ ላይናገር መስቀል መትቶ ምሏል። እንዲህ እየተባለ በቀን አንድ ዙር፣ ሦስት ቀን ይዞራል። ሦስት የተለያዩ ወፎች አንድ ስም ከጠሩ ያ ሰው በደለኛ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ወፍ ሰሚውንም ጭቃ ሹሙንም ባለርስቱ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመርጣል። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ጭቃ ሹም አላየሁም። አንዱ ለዘመዱ አዳላ ይባላል፣ አንዱ የሰው ድንበር ገፋ ይባላል፣ ሌላው ምንም ሳያጠፋ ፊቱ አላማረንም ተብሎ ይወርዳል። እኛ ሹም ማውረድ እንወዳለን። አጎቴን ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ መረጡት፤ ምክንያቱም የሰማው ነገር ሰክሮም ሆነ ታሞ ከአፉ አይወጣም። ሚስቱ የሺ፣ "ከዚህ ሰውዬ ጋር ከምኖር ከጉድጓድ ጋር ብኖር ይሻለኝ ነበር፤ ጉድጓድ ሲጮሁበት መልስ ይሰጣል" እያለች ታማርር ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ጭቃ ሹማችን ታፈረ ነበር። ታፈረ ሰላምታው እንኳ ጠብ የሚመስል ሰው ነው፤ ነገር ግን የድሃ አቤቱታ ሲሰማ አይሰለችም። ባለፈው ዓመት በረዶ የብዙ ሰው ገብስ መትቶ ስለነበር፣ ያልተመታው ከየቤቱ የዘር ገብስ አዋጥቶ፣ በስልቻ አድርጎ፣ በታፈረ ግቢ ባለች አንዲት ጎጆ አስቀመጠ። ሰኔ ገብቶ ዘሩን ለተቸገሩት ለማደል ጎጆዋ ተከፈተች። ከላይ ያሉት ስልቻዎች ገብስ ናቸው። ከሥር ያሉት አሥራ ሁለቱ ሲፈቱ ግን እብቅ! አንዲት አሮጊት እብቁን በእፍኟ ዘግና ወደ ላይ ብታደርገው ነፋስ ወሰደው። ሁላችንም ክው አልን። ለተቸገረ በዘር ፋንታ እብቅ የሚሰጥ ሰው በመካከላችን አለ ብሎ ማን ያስባል?

"ቁልፉ በማን እጅ ነበር?" ብሎ መጀመሪያ የጮኸው አባቴ ገብሬ ነው።

ቁልፉ በታፈረ እጅ ነበር። ታፈረ አመዱ ቡን አለ። በማግሥቱ አውጫጭኝ ተቀመጥን።

በሰኔ አውጫጭኝ መቀመጥ ቅጣት ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ እርሻው ይጣራል፣ አንተ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠህ ሚስትህ በአጥር የምታቀብልህን ቆሎ ትቆረጥማለህ። እኔ በዚያው ዓመት ጎጆ የወጣሁ ስለነበርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባወራዎች ጋር በመቆጠሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው እስከ መጀመሪያው ቀን ቀትር ድረስ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሰው የሚያጉረመርመው አንድ ነገር ነው። "ያው የታወቀ ነገር ነው፤ የታፈረን ስም ያውጡትና ወደ እርሻችን እንሂድ!" እውነቱን ልናገር፣ እኔም እንደዚያው ብያለሁ። ስሙ ከወጣ ታፈረ ሹመቱን ብቻ ሳይሆን በሬውንም፣ መሬቱንም፣ በሰው ፊት የሚቆምበትን ፊቱንም እንደሚያጣ አውቅ ነበር። ቢሆንም አልኩ።

የሦስተኛው ቀን ዙር አለቀና አጎቴ ከደጀ ሰላሙ ወጣ። ፊቱ የእሱ ፊት አልነበረም። የሬሳ ፊት ነው ያየሁት። የደብሩ ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው ከጎኑ ቆሙ።

"የታፈረ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቷል" አለ አጎቴ።

መስኩ በጩኸት ተናጋ። ታፈረ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ገመድ የፈለገም ነበር።

"አልጨረስኩም!" አለ አጎቴ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። "ሦስት ወፍ አልሰማሁም። አንድ ወፍ ነው። አንዱ ሰው ሦስቱንም ቀን ድምፁን እየለዋወጠ መጣ።"

በመስቀል ፊት፣ በደጀ ሰላም ውስጥ፣ አንድ ሰው ራሱን ሦስት አድርጎ! ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ገበዙ መጀመሪያ ነቁ። "ደምሌ፣ ድምፁን ከለዋወጠ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"አባ፣ እሱን ከነገርኩዎት እኮ ስሙን ነገርኩዎት ማለት ነው።"

"ስሙን ይናገር!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ከሁሉም አስበልጦ የጮኸው አባቴ ነበር፤ "ወንድ ከሆነ ስሙን ይናገር!" እያለ በዱላው መሬቱን ይወቃ ነበር። አጎቴ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ። "መሐላ አለብኝ" አለ ብቻ።

በዚህ መካከል ውብነሽ ከኋላ ተነሣች። ውብነሽን ሁሉም ያውቃታል። ከሰባት ዓመት በፊት የአንድ ሰው የገብስ ክምር ተቃጥሎ ሦስት ወፍ የባሏን የአዳነን ስም ጠራ። አዳነ "አላደረግሁም" እያለ በሬዎቹን ለካሳ ሸጠ፤ አልበቃ ሲለው አገር ጥሎ ወደ ሁመራ ወረደ፤ እዚያው በወባ ሞተ። መሬቱን የአጎቱ ልጅ፣ ማለት አባቴ፣ ያዘው። ውብነሽ ልጇን ሐረገ ወይንን ይዛ እናቷ ጓሮ ባለች ቁራሽ መሬት ትኖር ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። አልጮኸችም።

"አያ ደምሌ፣ ልጠይቅዎት። በባሌ ጊዜስ ወፎቹ ስንት ነበሩ?"

አጎቴ አላውቅም፣ አላስታውስም ማለት ይችል ነበር። ሰባት ዓመት እኮ ነው። ማንም አይፈርድበትም ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ እንደተቀመጠ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ መሰለኝ። ከዚያ የገበዙን ክንድ ያዘ።

"ያን ጊዜ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ፤ አልጠረጠርኩም ነበር" አለ። "አሁን ሳስበው... ያው ሰው ነው፣ ውብነሽ። ያው የዛሬው ሰው ነው።"

ውብነሽ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ያ ከለቅሶ የባሰ ነበር። ከዚያ ጉድ ፈላ። አንዱ "በወንድሜ ጊዜስ?" ይላል፣ ሌላው "የእኔ አባት በቅሎ ሰረቀ ሲባልስ?" ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ፍርድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመቃብር ተነሣ። አጎቴ ለሁሉም "አላውቅም፣ አላውቅም" ይላል። እኛ ሹም ስናወርድ የኖርን ሰዎች፣ አንድም ቀን "የደምሌ ጆሮ ልክ ነው ወይ?" ብለን ጠይቀን አናውቅም። ዝምታውን አይተን እውነተኛ ነው አልን። እውነተኛም ነበር፤ ግን እውነተኛ መሆኑ አዳነን አላዳነውም።

ታፈረ ነጻ ወጣ፤ ሹመቱም ጸናለት። አጎቴ ግን እዚያው መስቀሉን ተሳልሞ "ከዛሬ ጀምሮ አትምረጡኝ" አለና ወደ ቤቱ ሄደ። ማንም አልለመነውም። በማግሥቱ ጠዋት ያ ሰነፍ ሰውዬ ከሁላችን ቀድሞ በሬዎቹን ጠምዶ የውብነሽን ቁራሽ መሬት ሲያርስ ተገኘ። የራሱ እርሻ ዳዋ ለበሰ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እኛ ቤት መምጣት ተወ። መጀመሪያ አፍሮ ነው አልን። በመስከረም ለቅዱስ ዮሐንስ አልመጣም፤ ለመስቀል በግ ታርዶ ተጠራ፣ አልመጣም። እናቴ አልጣሽ ድፎ ዳቦ ተሸክማ እቤቱ ድረስ ሄደች። ዳቦውን በሁለት እጁ መለሰላት።

"ወንድም ዓለም፣ ምን አጠፋሁ?" አለችው።

"አንቺ ምንም አላጠፋሽ፣ እህቴ። ካንቺ ቤት እህል መቅመስ ግን አልችልም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ምያለሁ።"

እናቴ ያን ዳቦ እንደ ተሸከመች ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። እኔም ተከትያት ገባሁ። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የማጭድ እጀታ ይጠርባል፤ ኅዳር ገብቶ ገብሱ ደርሶ ነበር። እናቴ ዳቦውን ከፊቱ አስቀመጠችና ቆማ አየችው።

"ገብሬ፣ አንተ ነህ?"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። "ምኑን?" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን መጥረቡን ሳያቋርጥ እኔን አየኝ።

"ለማን ብዬ መሰለህ?" አለኝ። "ታፈረ የአዳነን መሬት ለውብነሽ ልጅ ሊያስመልስ ቃል ገብቶላት ነበር። የምታርሰው መሬት ከየት የመጣ መሰለህ? ዘሩስ? ስልቻዎቹ ወደ ታፈረ ጎጆ ሲገቡ የደረደርኳቸው እኔ አይደለሁ?"

ጎጆ ስወጣ አባቴ መርቆ የሰጠኝ እርሻ የአዳነ ነው። እሱንስ አውቅ ነበር፤ ባለቤቱ አጥፍቶ የሄደበት መሬት ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ዘሩን ግን፣ ያን አሥራ ሁለት ስልቻ ገብስ፣ አባቴ በግንቦት መጨረሻ "ቀድመህ ዝራው" ብሎ ሲሰጠኝ እጁን ስሜ ነው የተቀበልኩት። እኔው በእጄ በትኜዋለሁ። "የታፈረን ስም አውጡ" ያልኩት ዘሩን እርሻዬ ላይ ከበተንኩ በኋላ ነው።

እናቴ ማጭዱን ከአባቴ እጅ ወሰደችና ወጣች። ወዴት እንደሄደች ያወቅሁት ከውብነሽ ጋር ስትመለስ ሳያት ነው። ሴትዮዋን በእጇ ይዛ ወደ እርሻዬ ወሰደቻት፤ ወገብ የሚደርሰው ገብስ መካከል አቆመቻትና ማጭዱን ሰጠቻት።

"እጨጂ፤ ያንቺ ነው" አለቻት። ሁሉንም ነገረቻት፤ አንድ አላስቀረችም።

አባቴ ተከትሎን መጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ውብነሽ ዞር አለችና አየችው።

"ገብሬ፣ አዳነ ምን በድሎህ ነበር?"

ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀመረች። እኔም ከኋላዋ ሆኜ ነዶውን አሥርላት ጀመር።