የዘይነባ ዘውድ

የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን የዓለም ቆነጃጅት ሲወዳደሩ ታያለች። አሸናፊዋ ዘውድ ስትደፋ ጭብጨባው ደመቀ፤ እኔም ወዳደግኩበት ሰፈር ወደ ሄርማታ፣ ወደ ልጅነቴ ሄድኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። የቁንጅና ውድድር የቡርዧ ነገር ይባል ስለነበር፣ ቀበሌያችን «የባህል ልብስ ትርኢት» ብሎ አዘጋጀውና እኅቴ ዘይነባ አንደኛ ወጣች። የውጭ አገር ቆነጃጅት ዘውድ ደፍተው በፎቶግራፍ አይታ ነበርና፣ እሷም ቆማ ዘውዷን ጠበቀች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳቀባት። «የምን ዘውድ? ንጉሡን ያወረድነው አንቺን ልናነግሥ ነው እንዴ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ዝምተኛው አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ከአዳራሹ ጓሮ ፍሬው የቀላ የቡና ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣና፣ ጠምዝዞ ከሻሿ ላይ ደፋላት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሊቀመንበሩ ተቆጥቶ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘውድ አይደለም እኮ። የውጭ ምንዛሪ ነው!» አለ አባቴ።

የውጭ ምንዛሪ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ብቻ ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና ራሱ ቀድሞ አጨበጨበ። ሴቶቹ «ማሻአላህ!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት። ዘይነባ ቀይ ቡናዋን እንደደፋች በገበያው መሀል ወደ ቤት ስትሄድ፣ ነጋዴው ሁሉ ተነሥቶ አሳለፋት።

ዛሬ አጋሮ ነው የምትኖረው። ደውዬ «ንግሥቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ስላት፣

«ጓድ ንግሥት በል እንጂ!» ትለኛለች።