ኦቦ ቲጃኒ እና ሽቶ የሸተተው ኮንቴይነር

ጅማ ውስጥ ቡና የነካ ሰው ሁሉ ኦቦ ቲጃኒን ያውቃቸዋል። የሰርቦ ሰው ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ጆንያ ተሸክመው አሁን የመጋዘናችን የጫኞች አለቃ ሆነዋል። አረማመዳቸውን እንደኔ አሳምሮ የሚያስመስል የለም፦ ቀኝ ትከሻ ወደ ታች፣ አገጭ ወደ ላይ፣ ልክ ጆንያው አሁንም ጀርባቸው ላይ እንዳለ። አብረውኝ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ቡና ለቃሚ ነኝ፤ እጄ ቡና ይለቅማል፣ አፌ ወሬ ይለቅማል።

ድሮ ቡናችን አዲስ አበባ ሄዶ ነበር ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው። ዘንድሮ የመጋዘኑ ባለቤት እዚሁ ጅማ አሽገን እንልካለን አሉ። ጭነቱን ከአገር አገር የሚያሻግሩት የውጭ ድርጅቶች ደግሞ ያልሰለጠነ ሰው ኮንቴይነራችንን አይነካም ብለው ድርቅ። ስለዚህ አሰልጣኝ መጣልን፤ ፍሬአብ ይባላል፣ የኮሌጅ አስተማሪ ነው፣ ልጅ እግር። «ቤዚካሊ» ሳይል ወሬ አይጀምርም። አስር ቀን ስልጠና፣ መጨረሻ ላይ ከውጭው ድርጅት አንድ ሰውዬ መጥቶ ያያል፣ ከዚያ ሰርተፍኬት። ሰርተፍኬት የሌለው ከኮንቴይነሩ በር አያልፍም። ኦቦ ቲጃኒ ከበር ሊመለሱ? በህልማቸውም አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ጎበዝ ነበሩ። ኮንቴይነሩ መቀደድ አለመቀደዱ የሚታወቀው ሰው ገብቶ በሩ ሲዘጋበት ነው፤ ብርሃን ከታየ ዝናብም ይገባል። እሳቸው ገብተው የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አግኝተው ወጡ። ፍሬአብ አጨበጨበላቸው። ሦስተኛው ቀን ግን ሰርቦ ለቅሶ ነበረባቸውና ቀሩ። ያ ቀን ደግሞ የሽታ ቀን ነበር። ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ኮንቴይነሩ ምንም መሽተት የለበትም ተብለን ተማርን። በማግስቱ ፍሬአብ፣ ያመለጠዎትን ከኢፍቱ ይጠይቁ፣ እሷ በደንብ ጽፋዋለች አላቸው። ኢፍቱ መጋዘኑን የምትጠርግ የሰቃ ልጅ ናት፤ ጭምት ናት፣ እሷም ከእኛ ጋር ትሰለጥን ነበር። ኦቦ ቲጃኒ ኢንሻአላህ አሉ፤ አልጠየቋትም። አለቃ ሆነው ከጠራጊ ምን ሊማሩ።

የፈተናው ቀን ዓርብ ዋለ። ኢፍቱ ጠዋት ኮንቴይነሩን ጠርጋ ወልውላ ጨረሰች። እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል ተባለ። ኦቦ ቲጃኒ ከጁምዓ ሰላት ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጃኬት ደርበው ተመለሱ። እኔ ስልክ ላወራ ከበሩ ጎን ቆሜያለሁ፤ አላዩኝም። ገብተው አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ብረቱ ትንሽ ዝገት ዝገት ይላል። ከኪሳቸው ብልቃጥ አወጡና ጥግ ጥጉን ሽቶ ረጩበት። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ እንግዳ ማክበር ነው። «ቢስሚላህ፣ አሁን ሰው የሚገባበት ሆነ» ብለው ወጡ።

ላስቆማቸው እችል ነበር። ትምህርቱን ተምሬያለሁ። ግን ሳቄ መጣ፤ ለሴቶቹ የማስመስለው አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ አፌን ይዤ ቀረሁ።

እንግዳው አንድ እግሩን አስገባ፤ ሁለተኛውን አላስገባም። ፊቱን አጨማዶ ደብተሩን ዘጋ። ይሄ ኮንቴይነር ቡና አይጫንበትም፣ ይመለስ አለ፤ ሄደ። ፍሬአብ ፊቱ አመድ መስሎ ሁላችንን አሰለፈን። ማነው ሽቶ ያስገባው? እሺ፣ መጨረሻ ላይ ማን ጠረገው? ኢፍቱ እጇን አወጣች።

«እኔ ነኝ የጠረግኩት። ሽቶ ግን የለኝም» አለች።

ከኋላ አንዱ፣ «ሴት ልጅ ሽቶ ሳይኖራት?» ብሎ ሳቀ። ኦቦ ቲጃኒ አጠገቧ ነበሩ። መሬት መሬት ያያሉ፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። እኔም መሬት አየሁ። እኔን እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ምን ልበል? አገር ስታማ የምትውል አፍ ያን ቀን ተሰፋች። ፍሬአብ የኢፍቱን ስም ከስልጠናው ሰረዘ፤ የመጋዘኑ ኃላፊም ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ አላት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች።

ሰኞ ኦቦ ቲጃኒ ሌላ ሰው ሆኑ። ጫኞቹ ሲዘፍኑ አይቀበሉም፤ ሻይ ሲሰጧቸው ይዘው ይረሱታል። ማክሰኞ ወደኔ መጡና፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ የኢፍቱን ቤት ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። ሚኒባስ ይዘን ሰቃ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እሳቸው ሙስበሃቸውን ቆጠሩ፣ እኔ ዋላሂ የመንገዱን ዛፍ ቆጠርኩ።

ኢፍቱ ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች። ግቡ ብላ ተነሳች። እሳቸው አልገቡም።

«ልጄ፣ ሽቶውን የረጨሁት እኔ ነኝ» አሉ።

የያዘችውን ልብስ ጨመቀችው። «አውቃለሁ። ስንሰለፍ ጃኬትዎ ይሸት ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።»

«ዺፈማ» አሉ፤ ይቅር በይኝ ማለት ነው። በጃኬታቸው እጅጌ ፊታቸውን ሸፈኑ። ያን ትልቅ ሰውዬ እንደዚያ ሳይ የምገባበት ጠፋኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጫኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ በኦሮምኛም ባማርኛም፣ እኔ ነኝ አሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። ኢፍቱ ሥራዋም ስሟም ተመለሰላት፤ በሚቀጥለው ፈተና ሰርተፍኬቷን ወሰደች። እሳቸው በሁለተኛው ዙር እንደገና ይማሩ ተባለ። እስከዚያ ጆንያ ተሸክመው እስከ ኮንቴይነሩ በር ይመጣሉ፣ እዚያ ይቆማሉ፤ ውስጥ ሆና የምታስደረድረው ኢፍቱ ናት። ያመለጣቸውን የሽታ ትምህርት በምሳ ሰዓት ታነብላቸዋለች። ጎንበስ ብለው እንደ ተማሪ ይሰማሉ።

ባለፈው ኢፍቱ እኛ ለቃሚዎቹ ጋ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ሽቶው የተረጨ ቀን አንቺ በሩ ጋ ስልክ ታወሪ ነበር አሉ። አላየሻቸውም?»

ቡናውን መልቀም ቀጠልኩ። ጥሩውን ከመጥፎው ጋር ቀላቅዬ ነበር የምለቅመው። የቀላቀልኩትን አየችው። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላም ትለኛለች፤ አጠገቤ ግን አትቀመጥም።