አፈ ሰፊው ጠርሙስ

የሆቴሉ ኬክ ጋጋሪ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ ገና ከማሽተቷ ደሟ ፈላ። ባልደረቦቿ «ሚጥሚጣ» የሚሏት በከንቱ አልነበረም።

«ይሄ የኬክ ሽቶ ነው!» አለች ብቻዋን። «ሩም አረቄዬን ማን ወሰደው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በዚያው ማዕድ ቤት ኬክ ሲጋግሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የደረቀ አናናስና የተፈቀፈቀ ኮኮናት ጠርሙሱ ውስጥ በሩም ዘፈዘፉና፣ «ለልጅሽ የሠርግ ኬክ ይሁን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ብለው ሰጧት። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እሷም ጠርሙሱን እያገላበጠች፣ እንደ አራስ ልጅ ስትጠብቀው ኖረች። አሁን ሠርጉ ነገ ነው! በዚያ ማዕድ ቤት ደግሞ አንዱ የዘፈዘፈውን ሌላው አይነካም። ይሄን ሕግ የሚጥስ ጋጋሪ የለም። ባርማን ግን አለ፤ ያውም የገዛ ታናሽ ወንድሟ።

ጠርሙሱን ታቅፋ ወደ ባሩ ወጣች።

«አንተ! ይሄን የነካኸው አንተ ነህ?»

«እታለም፣ ቀስ በይ፤ እንግዳ ይሰማል።»

«እንግዳህ ገደል ይግባ!»

«ትናንት ሩም አለቀብኝና ካንቺ ቀዳሁ። በአናናስ ጭማቂ ደባልቄ ባቀርብላቸው ጣት ያስቆረጥማል አሉ! ደግሞ መልሼ ሞልቼልሻለሁ።»

«በውሃና በኬክ ሽቶ! ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ባዶውን ትቶ ይሄዳል። አንተ ግን ልታሞኘኝ ሞላኸው!»

«ኧረ በፈጠረሽ! ሩም ሩም ነው፤ ሌላ እገዛልሻለሁ።»

ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አደረገችው። አባቷ ሲዘፈዝፉ ይሄ ሰውዬ ሌላ ከተማ ነበር፤ ለቀብር እንኳ አልደረሰም። ምኑን ያውቀዋል?

በዚህ መሃል አንድ እንግዳ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «የትናንቱን ድገመኝ» አለ። ወንድምዬው ደስ ብሎት አዲስ ጠርሙስ ከፈተ፤ ሩሙን፣ የአናናስ ጭማቂውንና የኮኮናት ወተቱን ከበረዶ ጋር መትቶ አቀረበለት። እንግዳው አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ገፋው።

«ይሄ አይደለም።»

ወንድምዬው ወደ እህቱ ዞረ። «ምን ጨምረሽበት ነበር እታለም? ንገሪኝና ልሥራለት።»

እሷ ለእንግዳው መለሰች። «አያገኙትም ጌታዬ። የሠሩት ሰው ሞተዋል።»

የወንድሟ እጅ በረዶው ላይ ቀረ። «አባባ ናቸው?»

«ቀምሰኸው ነበር?»

«አልቀመስኩም» አለ። «እየቀዳሁ ለሰው ሰጠሁት።»

ልታዝንለት አማራት፤ ግን አላዘነችም፤ ንዴቷ ገና አልወጣላትም። ከጠርሙሱ አንድ የገረጣ አናናስ በማንኪያ አውጥታ ሳህን ላይ ጣለችለት።

«እንካ፣ ድርሻህ» ብላው ወደ ማዕድ ቤቷ ገባች።

ወንድሟ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተው፤ አላምጦ፣ አላምጦ፣ የአባቱን እጅ ጣዕም ፈለገበት። ሽቶ ሽቶ አለው።