የተሸነፈው ቋንቋ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል

በጂንካ ከተማ ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የተማርኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሌላ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር። የተማርኩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ አርባ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር ማሽኑ እንዴት እንደሚበራ አላውቅም ነበር። ሰው ካበራልኝ በኋላ ግን የማላውቀው ነገር አልነበረም።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በአንድ የእንስሳት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የፋይል አቧራ ስውጥ የምውል ሰው። ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ ጨርቅ አልብሶት በሩቁ ሲያከብረው፣ እኔ ቀርቤ ፕሮግራም ጻፍኩለት። የጻፍኩት በቤዚክ ነው። ቤዚክ ሰው ለኮምፒውተር ትእዛዝ ከሚጽፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፕሮግራሜ ከየቀበሌው የተከተቡትን ከብቶች ይደምራል፤ ቀበሌዎቹንም በደረጃ ያሰልፋል። ከካንጋተን እስከ ዲመካ በእኔ እጅ ያላለፈ ከብት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ለዚህ ውለታዬ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጠኝ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዲት ባለዲግሪ ወጣት ተመድባ መጣች። ፕሮግራሜን አንድ ቀን ሙሉ ስታየው ዋለችና፣

“ጋሼ፣ ይሄ በጣም ይዘገያል። እኔ በፓይዘን ብጽፈውስ?” አለችኝ።

“ፓይዘን ዘንዶ ማለት አይደለም እንዴ?”

“ነው። ግን የቋንቋ ስም ነው።”

“ዘንዶ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሩጫ ያወቀው?”

ነገሩ ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰ። እሱም አሰበና “ይለካ” አለ። “የፈጠነው ይቀጥላል። ጋሼ፣ ከተሸነፉ ግን ክፍሉን ለእሷ ለቀው ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳሉ።”

ወደዚያ አቧራ! ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ግን እኔ መለካትን የምፈራ ሰው አይደለሁም። ደንቡንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ይሩጡ አልኩ፤ አንዱ በጂንካ አስፋልት፣ ሌላው በቱርሚ ኮረኮንች ከሮጡ ውድድር አይባልም። ሁለተኛ፣ አስር አስር ጊዜ ይለኩ። አንድ ጊዜ መለካት ሐሜት ነው፤ አስር ጊዜ መለካት ግን ምስክር ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ እንደሚያስተምሩ ነገረችኝ። ከማን እንደሰሙት እንጃ።

ሕዝብ እንዲመሰክር ደግሞ፣ በዚያ በማይታማው የእጅ ጽሑፌ ማስታወቂያ ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ፤

“ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጽሕፈት ቤታችን የቋንቋዎች የፍጥነት ውድድር ይካሄዳል። የተሸነፈው ቋንቋ ከመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት ውጭ ይሆናል።”

አጭርና ግልጽ ነው። እስካሁን ድረስ እንከን አላገኘሁበትም። ብቻ “የኮምፒውተር” የምትል አንዲት ቃል ቀርታለች።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ግቢው ሞልቷል። ከጂንካ ዙሪያ የአሪ ገበሬዎች አንድ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመው መጥተዋል። ከዲመካ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሐመሮች ወርደዋል። እነሱን የጠራቸው የገዛ ዘበኛችን ነው፤ እሱም ሐመር ነው፤ ማስታወቂያውን አንብቦ በስልክ ዘመዶቹን ሁሉ ቀሰቀሰ። እንዴት አድርጎ እንደተረጎመላቸው አላውቅም፤ ሰዎቹ ግን የመጡት ለመሸነፍ አልነበረም።

ኃላፊው ላብ አጥምቆት ወጣ። “ጋሼ! ምንድነው የጻፉት? በዚህ አገር፣ በቋንቋ ጉዳይ!”

“የኮምፒውተር ቋንቋ ማለቴ ነው” አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። “የሰው አይደለም።”

የአሪው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ። “ኮምፒውተሩ የራሱ ቋንቋ አለው?”

“አለው አባቴ።”

“አማርኛስ ይችላል?”

“አይችልም።”

“አማርኛ ሳይችል እንዴት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ? የእኔ ልጅ ዲፕሎማ ይዞ፣ ‘አማርኛ ትሰብራለህ’ ብላችሁ መልሳችሁት የለም?”

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም። ሰዉ ግን በዚህ አልተበተነም። ዘበኛው “ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ሳይለኩ አይመለሱም” አለ። እኔም የእጅ ሰዓቴን አወለቅኩ። ለመለካት የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው።

አንድ መልእክት መረጥን፤ ከብቶቻችሁን ነገ አስከትቡ የሚል። ሽማግሌው በአሪኛ፣ ዘበኛው በሐመርኛ፣ ኃላፊው በአማርኛ፣ አስር አስር ጊዜ እንዲሉ ተደረገ። ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱ። ዘበኛውም እንደዚያው። ሁለቱን ሰዓቴ ሊለያቸው አልቻለም፤ ሰዓቴ ደግሞ ጥሩ ሰዓት ነው። ኃላፊው ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፤

“የተከበራችሁ አርብቶ አደሮች፣ ከብቶቻችሁን በነገው ዕለት ወደ ክትባት መስጫ ጣቢያ በማምጣት የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ትሆኑ ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን።”

“ገና ነው?” አለ ዘበኛው።

“ጨርሻለሁ።”

“ጌታዬ፣ እርስዎ ሳይጨርሱ እኮ የእኛ ከብት ተከትቦ ተመልሷል።”

አስር ጊዜ አስባልነው። በስድስተኛው ላይ ውኃ ጠየቀ። ሽማግሌው ፍርድ ሰጡ፤ “በማስታወቂያው መሠረት የቢሮ አማርኛ ተሸንፏል። ከአገልግሎት ይውጣ!” እየሳቁ፣ እየተጨባበጡ ሄዱ።

ግቢው ጸጥ ሲል ወደ እውነተኛው ውድድር ገባን። የልጅቷ ፕሮግራም አስሩንም ጊዜ ሁለት ሁለት ሰከንድ ወሰደ። የኔው አርባ። አስሩንም ጊዜ አርባ፤ ቢያንስ ቃሉን አያጥፍም።

ልጅቷ አልሳቀችብኝም። ኃላፊው “እንግዲህ ጋሼ…” ሲል፣ የመዝገብ ቤቱ አቧራ አፍንጫዬን ኮረኮረኝ። ያኔ ነው የኃላፊው ንግግር ትዝ ያለኝ። አማርኛ መች ዘገየ? በሦስት ቃል ያልቅ ነበር። የዘገየው ተናጋሪው ነው።

“አንድ ጊዜ ቆዩኝ” ብዬ የራሴን ፕሮግራም ከላይ ጀምሬ መለካት ያዝኩ፤ የትኛው መስመር ስንት ሰከንድ እንደሚበላ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ገና ከመጀመሪያው አገኘሁት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሰላምታ ያሳያል፤ “እንኳን ደህና መጡ። ይህን ረቂቅ ሥራ ያለ አስተማሪ የደረሱት…” እያለ ስለ እኔ በመጠኑ ያትታል። ሰው አንብቦ እስኪጨርስ ደግሞ ማሽኑ በከንቱ ከአንድ ጀምሮ እንዲቆጥር አዝዤዋለሁ። አዲስ ኮምፒውተር በተገዛ ቁጥር ሰላምታዬ ቶሎ እያለፈ ስላስቸገረኝ፣ ቆጠራውን ከፍ ሳደርገው ኖሬያለሁ።

ከአርባው ሰከንድ ሠላሳ አንዱ የኔ ምስጋና ነበር።

በገዛ እጄ አጠፋሁት። ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። ዘጠኝ ከሁለት እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ ቁጥር አልክድም። ተነሥቼ የክፍሉን ቁልፍ ለልጅቷ ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። ወደ ኃላፊው ዞራ፣ “ጋሼ እዚሁ ይቆዩልኝ” አለች። “ፕሮግራም የሚጽፍ ሌላም ይመጣል። የራሱን ስህተት ሰዓት ይዞ የሚያሳድድ ሰው ግን አላየሁም። የእኔንስ ማን ይለካልኛል?”

ኃላፊው ረጅም መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ዘበኛውን በመስኮት አየው። “ይቆዩ” አለ። አንዲት ቃል! አንድ ሰከንድም አልሞላችም።

እስከ ጡረታዬ ድረስ እዚያው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስለካ ኖርኩ። በኋላ አንድ ጠዋት ፕሮግራሟን ስከፍት መጀመሪያው ላይ አንዲት መስመር ጨምራ አገኘሁ፤ “ይህን ሥራ በጂንካ የጀመሩት ጋሼ ናቸው።” ሰው እስኪያነባት ማሽኑ ትንሽ እንዲቆም አዝዛዋለችና፣ ሁለት ሰከንድ የነበረው ሦስት ሆኗል። ይህ እንኳ ስህተት ነው፤ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

አስር ጊዜ ለካሁትና ዝም አልኩ።