«አናውቅም»ን የቆረጥሁ ዕለት

የመጀመሪያ ቀን ዜናዬ ስለ ዓባይ በረሃ መንገድ ነበር። ከደጀን በታች ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶታል። መጨረሻው ላይ «መቼ እንደሚከፈት አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ። የዜና ክፍሉ ኃላፊ አቶ በላቸው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

«ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው አንተ የማታውቀውን ሊሰማ ነው? ወይ ጠይቀህ እወቅ፣ ወይ ተወው።»

ጠይቆ ማወቅን ተማርሁ። መተውንም ተማርሁ። በደብረ ማርቆስ ጣቢያችን ድምፅ በመቁረጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሳሉን፣ ድግግሞሹን፣ ማመንታቱን ከኮምፒውተሩ ላይ እየለቀምሁ አወጣለሁ። አንድ ባለሥልጣን ቃለ ምልልሱን ሰምተው «እንዲህ አቀላጥፌ መናገሬን አላውቅም ነበር» ብለውኛል።

ከዓመታት በኋላ ሳምንታዊ የሳይንስ ዝግጅት ተሰጠኝ። እንግዳዬ ከወሎ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምታስተምረው መምህርት ሐያት ነበረች። ስለ ጥቁር ጉድጓድ ጠየቅኋት። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁ ሲያልቅ በራሱ ላይ ተደርምሶ የሚፈጠር፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር ነው። መሀሉን ሲንጉላሪቲ ይሉታል።

«ይፈነዳል?» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። «በአንዳንድ ተመራማሪዎች ስሌት፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። ግን ያየው የለም። አናውቅም።»

ዝግጅቱ በጥቂት ሰከንዶች ረዝሞብኝ ነበር። ዝምታውን ቆረጥሁ። ስሌቱን ቆረጥሁ። «አናውቅም»ንም ቆረጥሁ። «አንድ ቀን ይፈነዳል» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ቀረ።

በሳምንቱ ጥበቃው ጠራኝ። ከሮብ ገበያ ከተማ አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ፣ አያ ስማቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይፈነዳል የሚለውን በሬዲዮ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ምነው?»

«የልጄ ሰርግ ለጥር ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ በሬው ታስሯል። አምበር ከተማ የሚኖረው የሙሽራው አባት ግን ሰማይ ሊፈነዳ ድግስ አልደግስም፣ ይራዘም ብሎ ላከብኝ።»

«እርስዎስ አመኑት?»

«እኔማ አላመንሁም። እሱም ሰበብ ፈልጎ ይሆናል። ግን ሰርግ ከተራዘመ የልጄ ስም ነው የሚነሳው። ምን ተገኘባት ይባላል።»

ለመምህርት ሐያት ደወልሁላት። መጣች። መጀመሪያ እኔን ነው የያዘችኝ፦ «አናውቅም ያልኩትን የት አደረስከው?»

«ቆረጥሁት» አልኋት። ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና ለአያ ስማቸው ታስረዳ ጀመር። ኮከቡ በራሱ ክብደት ይወድቃል አለቻቸው።

«ምን ላይ ይወድቃል?»

«በራሱ ላይ።»

«ታቹስ?»

«ታች መኖሩን ነው የማናውቀው፣ አባባ። እዚያ ስንደርስ ስሌታችን ያልቃል።»

አያ ስማቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና ቀና አሉ። ሰዓቱ ረፋድ ነው፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለውም። «አሁንም እዚያ አለ?»

«አለ። በጣም ሩቅ ነው እንጂ ቀንም አለ።»

እኔም ቀና አልሁ። ስንት ዓመት ከዚያ ሰማይ ሥር ስዘግብ ኖሬ፣ ያን ያህል ጥልቅ መስሎኝ አያውቅም።

ቀጠለች። የወደቀው ነገር ከዚያ በላይ መጠቅጠቅ ሲያቅተው ወደ ውጭ ተመልሶ ይፈነዳል የሚሉ አሉ። ግን እዚያ ጊዜ ራሱ ይዘገያል። ለጉድጓዱ ቅጽበት የሆነው፣ ለእኛ፣ ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ ካለፈው ዘመን ሊበልጥ ይችላል።

አያ ስማቸው ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ።

«እንግዲያ ከሰርጉ በኋላ ነው» አሉ።

ሐያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይኸን ለእኔ መንገር አይበቃም። በሬዲዮ ያወጣችሁትን በሬዲዮ መልሱት።»

አቶ በላቸው ጋ ገባሁ። «ሰው እኮ ረስቶታል» አሉኝ።

«አንድ ሰው አልረሳም። ግቢው ውስጥ እየጠበቀ ነው።»

«እና አናውቅም ልንል ነው?»

«እሷ ብላው ነበር። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ደቂቃ ውሰድ። በራስህ ስም አንብበው።»

ከምሳ ሰዓት ዜና ቀጥሎ ስሜን ጠርቼ ስህተቱን ተናገርሁ። ከዚያ ድምፅዋን እንዳለ ለቀቅሁት። ጥያቄዬ አለ። ዝምታዋ አለ። ቴክኒሺያኑ ድምፅ የጠፋ መስሎት እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደ፣ ያዝሁት። ያ ዝምታ ታች የሌለው ነገር ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ዝምታ ነበር። ከዚያ «አናውቅም» አለች። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አየር ላይ አላዋልሁም።

ሰርጉ በቀኑ ዋለ። እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ዳሱ ውስጥ የሙሽራው አባት አጠገቤ ተቀመጡና ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ግን መቼ ነው?»

«አናውቅም» አልኋቸው።

«በል እንግዲህ ብላ።»

አዲስ ጋዜጠኞች ድምፅ መቁረጥ እንዳስተምራቸው ሲላኩብኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ሳሉን ቁረጡ፣ ድግግሞሹን ቁረጡ። ጠይቃችሁ፣ የሚያውቀውም ሰው «አናውቅም» ካላችሁ ግን፣ ዜናው እሱ ነው። አትቁረጡት።